የላይቭ ሊነክስን የመነሻ ገጽ በራስ ስምና ፊደል ማዘጋጀት፦ የትኛው ቡትሎደር ይመረጣል?

ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል፣ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለማኅበር አባላት በፍላሽ የሚታደል ላይቭ ሲስተም (ሳይጫን ከፍላሹ የሚነሣ ሊነክስ) ዴቢያን በተባለው የሊነክስ ዓይነት ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀ ሰው፣ ዴስክቶፑን፣ የአማርኛ ኪቦርዱንና ፕሮግራሞቹን ካሟላ በኋላም አንድ ሥራ ይቀረዋል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው የመነሻ ሜኑ አሁንም የዴቢያንን ስምና ሥዕል እንደያዘ ነው። ተጠቃሚው ከሲስተሙ ጋር የሚተዋወቀው በዚያ ገጽ ስለሆነ፣ የሲስተሙን ስም፣ የዕትሙን ቁጥርና በአማርኛ የተጻፉ ምርጫዎችን እዚያ ማግኘቱ እንደ ተራ ጌጥ መታየት የለበትም። በተለይ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው «ሳይጫን ሞክር» እና «ኮምፒውተሩ ላይ ጫን» የሚሉትን ምርጫዎች ለይቶ ማንበብ መቻል፣ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል በማትረፍና በማጥፋት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ይህን ገጽ በራስ መልክ ለማዘጋጀት በተግባር የሚቀርቡት ቡትሎደሮች፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ሜኑውን አሳይተው ሲስተሙን የሚያስነሡ ፕሮግራሞች፣ አይሶሊነክስ፣ ግራብ፣ ሪፋይንድ፣ ሲስተምዲ-ቡትና ሊሚን ናቸው። ሁሉም ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) አንሥተው ሥራውን ያስረክባሉ፤ በመልክ ማበጀት ረገድ ግን የሚፈቅዱት ነገር እጅግ የተራራቀ ነው። ከመካከላቸው ለመምረጥ ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መመለስ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ ፍላሹ የሚሰካባቸው ኮምፒውተሮች የሚነሡት በአሮጌው ፈርምዌር (በኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ ባለው የማስነሻ ፕሮግራም) በባዮስ ነው ወይስ እሱን በተካው በዩኢኤፍአይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በሜኑው ላይ የሚወጣው አማርኛ እውነተኛ ጽሑፍ እንዲሆን ይፈለጋል ወይስ በጀርባ ሥዕሉ ውስጥ የተሣለ ስም ብቻ ይበቃል የሚለው ነው። የቀለሙና የሥዕሉ ነገር ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ባዮስና ዩኢኤፍአይ፦ አንድ ፍላሽ፣ ሁለት ሜኑ

ላይቭ-ቢልድ የሚባለው የዴቢያን መሣሪያ በነባሪ ቅንብሩ የሚሠራው የአይኤስኦ ፋይል (ወደ ፍላሽ የሚቀዳው የሲስተሙ ሙሉ ቅጂ) ሁለት ቡትሎደሮችን ጎን ለጎን ይይዛል። ኮምፒውተሩ በባዮስ ከተነሣ አይሶሊነክስ ይመጣል፤ በዩኢኤፍአይ ከተነሣ ደግሞ ግራብ ይመጣል። የየራሳቸው የቅንብር ፋይል፣ የየራሳቸው የቀለም አጻጻፍና የየራሳቸው የሜኑ ዝርዝር ስላላቸው፣ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን የተወ አዘጋጅ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ያማረ ገጽ አይቶ ፍላሹን ካደለ በኋላ፣ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የዴቢያን ሥዕል እንደነበረ መምጣቱን ይሰማል። ብዙ ጀማሪዎች «ሥዕሉን ቀይሬ ነበር፤ ግን አልተቀየረም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ባዮስን ከነጭራሹ መተው ይቻላል ወይ የሚለው የሚወሰነው በተጠቃሚዎቹ ኮምፒውተር ነው። ኢንቴል የድሮውን የባዮስ ድጋፍ በ2020 እ.ኤ.አ. ለማቆም ማቀዱን በ2017 ያስታወቀ በመሆኑ፣ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች በአብዛኛው በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚነሡ ናቸው። ነገር ግን ላይቭ ሲስተም ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው አዲስ ላፕቶፕ ላለው ሰው አይደለም። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በእርዳታ ወይም በግዢ የገቡባቸው የአገራችን ትምህርት ቤቶች፣ ዊንዶውስ የከበደባቸውን አሮጌ ማሽኖች በሊነክስ ሊያስነሡ ሲፈልጉ፣ ባዮስ ብቻ ያለው ኮምፒውተር ማጋጠሙ አይቀርም። ስለዚህ ለሕዝብ የሚታደል ፍላሽ በሁለቱም መነሣት አለበት፤ በሁለቱም አንድ ዓይነት መልክ ቢያሳይ ደግሞ የተሻለ ነው።

አይሶሊነክስ

አይሶሊነክስ የሲስሊነክስ ቤተሰብ አባል ነው፤ ከሲዲና ከአይኤስኦ ለማስነሣት የተሠራ ሲሆን የሚያገለግለው በባዮስ ብቻ ነው። ቀላልነቱ ትልቁ ሀብቱ ነው። ቬሳሜኑ የሚባለውን ክፍሉን በመጠቀም የጀርባ ሥዕል፣ የሜኑ ርእስ፣ የሳጥኑን ስፋትና ቦታ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ቀለም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ መወሰን ይቻላል። ሥዕሉ በነባሪ 640 በ480 ነጥብ ሲሆን ፒኤንጂና ጄፔግ ይቀበላል። ቀለም የሚጻፈው በስምንት የሄክስ (በ16 የሚቆጠሩ) አኃዞች ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የግልጽነት መጠንን ያመለክታሉ፤ ከድረ ገጽ ሥራ የመጣ ሰው ስድስት አኃዝ ብቻ ስለሚጠብቅ ወይም ግልጽነቱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ያልጠበቀው ቀለም ይመጣበታል።

ዋናው ችግሩ ፊደል ነው። አይሶሊነክስ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ምልክት ይቆጥራል፤ የሚያውቀው የ256 ምልክቶች ፎንት ነው። የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ «ጀምር» ብሎ የጻፈ ሰው በስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ተደርድረው ያገኛል። የተወሰኑ ሆሄያትን በራስ ሥሎ ፎንቱን ለመተካት ቢሞከርም፣ የአንዱ ምልክት ስፋት ስምንት ነጥብ ብቻ በመሆኑ እንደ «ጨ» ወይም «ጠ» ያለው ሆሄ ታፍኖ የማይነበብ ይሆናል። ስለዚህ በአይሶሊነክስ አማርኛ የሚገባው በጀርባ ሥዕሉ ውስጥ ተሥሎ ብቻ ነው። ስሙ በአማርኛ ያምራል፤ ምርጫዎቹ ግን በላቲን ፊደል ይቀራሉ።

በሥዕሉ ላይም አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ላይቭ-ቢልድ የሚሰጠው ናሙና የኤስቪጂ ሥዕል ሲሆን በግንባታው ጊዜ ወደ ፒኤንጂ ይለወጣል። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ከተተወ፣ ለውጡ በሚካሄድበት አካባቢ የግእዝ ፎንት ካልተጫነ ከፊደሉ ይልቅ ባዶ ሳጥኖች ይወጣሉ። መፍትሔው በኢንክስኬፕ ጽሑፉን ወደ ፓዝ ቀይሮ ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉ መስመርና ቅርጽ ብቻ ስለሚሆን የየትኛውም ማሽን ፎንት አያስፈልገውም።

ሌላው የሚያሳስበው የዕድሜው ነገር ነው። የሲስሊነክስ የመጨረሻ የተረጋጋ ዕትም 6.03 ሲሆን የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ኡቡንቱም ከ20.10 ዕትሙ ጀምሮ በባዮስ በኩል እንኳ ወደ ግራብ ተሻግሯል። አይሶሊነክስ ዛሬም በአሮጌ ማሽን ላይ ያለ ችግር ይነሣል፤ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ግን ሁሉንም ድካሙን እዚህ ላይ እንዲያፈስ አልመክርም። እንደነበረ ይዘውት የሚቀጥሉ ደግሞ ከ5ኛው ዕትም ወዲህ ተጓዳኝ የሞጁል ፋይሎቹ ሁሉ ከአንድ ዕትም መምጣት እንዳለባቸው ያስታውሱ፤ ከተቀላቀሉ ሜኑው አይከፈትም።

ግራብ

ግራብ በባዮስም በዩኢኤፍአይም ይሠራል፤ ሁለቱም አንድ የቅንብር ፋይልና አንድ ቴም (የሜኑውን መልክ የሚወስን ፋይል) ማንበብ ይችላሉ። ላይቭ-ቢልድን ስናዋቅር በቡትሎደር ምርጫው ውስጥ ከአይሶሊነክስ ፋንታ የባዮሱን ግራብ ከዩኢኤፍአዩ ግራብ ጋር አጣምረን ከሰጠነው፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰው የሁለት ሜኑ ጣጣ እዚያው ያበቃል። ለዚህ ጥቅም ብቻ እንኳ ግራብን ባስቀደምሁ ነበር።

ከዚያ በላይ ግን ግራብ አማርኛን በእውነተኛ ጽሑፍነት ያሳያል። የሜኑ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሲሆን፣ ከግራብ ጋር የሚመጣው የዩኒፎንት ፎንት የግእዝን ፊደል ይዟል። ፊደላችን እንደ ዐረብኛ እርስ በርሱ የሚያያዝ ወይም እንደ ሂንዲ በቦታው የሚለዋወጥ ባለመሆኑ፣ ሆሄያቱን አንድ በአንድ ከግራ ወደ ቀኝ መደርደር ብቻ ይበቃል፤ ግራብም ይህን ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ያደርገዋል። «ሲስተሙን ሳይጫን ሞክር» ብሎ የጻፈ ሰው በስክሪኑ ላይ የሚያነበው ያንኑ ነው።

የዩኒፎንት ፊደል ግን ቁመቱ 16 ነጥብ ብቻ ነው። በ1024 በ768 ስክሪን ላይ ይነበባል፤ በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ ግን በጣም ያንሳል፤ በ«ቋ» እና «ቈ» ወይም በ«ጯ» እና «ጫ» መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ወደ ስክሪኑ መጠጋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ግራብ-ኤምኬፎንት በሚባለው መሣሪያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን በ24 ወይም በ28 መጠን ወደ ግራብ የፎንት ዓይነት መለወጥ ይገባል። ሁለቱም በክፍት የፎንት ፈቃድ የሚሰራጩ በመሆናቸው ከሲስተሙ ጋር ማደል ይቻላል። በለውጡ ጊዜ ክልሉን መገደብ ጠቃሚ ነው፤ ከላቲኑ መሠረታዊ ምልክቶች በተጨማሪ በዩኒኮድ በሄክስ ቁጥር ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለው ክልል ብቻ ሲወሰድ ሆሄያቱን፣ አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን፣ የግእዝ ቁጥሮችንም ጭምር ያጠቃልላል። የሙሉው ዩኒፎንት ፋይል ከ2 ሜጋባይት በላይ ሲሆን፣ እንዲህ የተገደበው ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ይሆናል፤ ከአሮጌ ፍላሽ በዝግታ ለሚነሣ ኮምፒውተር ልዩነቱ ይሰማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር የፎንቱ ስም ነው። የቴሙ ፋይል ፎንቱን የሚጠራው በፋይሉ ስም ሳይሆን በፎንቱ ውስጥ በተጻፈው ሙሉ ስም ነው፤ ይህም የፎንቱን ስም፣ ዓይነቱንና መጠኑን በቅደም ተከተል የያዘ ነው። አንዲት ቃል ብትጎድል ግራብ ስሕተት ሳያሳይ ሌላ የተጫነ ፎንት ይወስዳል። ትክክለኛውን ስም ለማወቅ በግራብ የትዕዛዝ መስመር ላይ ኤልኤስፎንትስ የሚለውን ትዕዛዝ ማስገባት ይበቃል፤ የተጫኑትን ሁሉ በሙሉ ስማቸው ይዘረዝራል። ፎንቱን የሚጭነው ትዕዛዝም በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ቴሙን ከሚጠራው መስመር በላይ መሆን አለበት።

ቴሙ ራሱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የጀርባ ሥዕሉን፣ የምርጫዎቹን ሳጥን ቦታ በመቶኛ፣ የጽሑፉን ቀለም፣ የተመረጠውን መስመር ቀለም፣ የመስመሮቹን ቁመትና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት፣ እንዲሁም ጊዜ ቆጣሪውን ይገልጻል። የግእዝ ፊደል ከላቲኑ የበለጠ ቁመት ስለሚፈልግ፣ ለ28 መጠን ፎንት የመስመሩን ቁመት 44 አካባቢ ማድረግ ሆሄያቱን ከመቆረጥ ያድናል። በቆጣሪው ላይ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በራስ አማርኛ መተካት ይቻላል፤ ሰከንዱ የሚገባበትን ምልክት በዓረፍተ ነገሩ መካከል ትቶ «በዚህን ያህል ሰከንድ ውስጥ ይጀምራል» የሚል ሐሳብ መጻፍ ነው።

ስለ ሥዕሉ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል። የግራብ የፒኤንጂ አንባቢ ኢንተርሌስድ የሆነውን ዓይነት አይቀበልም፤ ሥዕሉን ከጊምፕ ስናወጣ ያ ምርጫ መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ ሥዕሉ ሳይመጣ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ግራብ የጀርባውን ሥዕል በነባሪ ስክሪኑን እስኪሞላ ይለጥጠዋል። በ1024 በ768 የተሠራ ሥዕል 1366 በ768 በሆነ ላፕቶፕ ላይ በወርዱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይሰፋል፤ ክብ የነበረው ዓርማ እንቁላል ይመስላል፤ በሥዕሉ ውስጥ የተጻፈው ፊደልም ይንጋደዳል። ይህን ለማስቀረት የሥዕሉን አሞላል ከመለጠጥ ወደ መከርከም መለወጥ፣ ዓርማውንም ከሥዕሉ ጠርዝ አርቆ መሐል አካባቢ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚሻለው ግን ጀርባውን አንድ ዓይነት ቀለም አድርጎ ዓርማውን በቴሙ ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ትንሽ ሥዕል ማስቀመጥ ነው፤ ያኔ ስክሪኑ ምንም ይሁን ምን ዓርማው መጠኑን ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ የሚፈለገውን የስክሪን መጠን አንድ ብቻ አድርጎ መወሰን አደገኛ ነው፤ አንዳንድ ላፕቶፖች በባዮስ በኩል 1366 በ768ን ጨርሶ ስለማያቀርቡ፣ ሁለት ሦስት አማራጭ በቅደም ተከተል ጽፎ መጨረሻ ላይ ራሱ እንዲመርጥ መፍቀድ ይገባል።

የግራፊክስ ስክሪኑ ከነጭራሹ የማይከፈትበት ማሽንም አለ። ያኔ ግራብ ወደ ተራው የጽሑፍ ስክሪን ይመለሳል፤ በዚያ ላይ ደግሞ የእኛ ፊደል አይታይም። ለዚህ የማቀርበው ምክር በየምርጫው ፊት የዐረብ ቁጥር ማድረግና ያንኑ ቁጥር የአቋራጭ ቁልፍ አድርጎ መስጠት ነው። ሆሄያቱ ቢጠፉም 1 እና 2 ይቀራሉ፤ በስልክ የሚረዳ ሰውም «1ን ተጫን» ማለት ይችላል። በተለይ ሃርድ ዲስኩን የሚነካው ምርጫ ሁልጊዜ የመጨረሻው ቁጥር እንዲሆን ማድረግ ብልህነት ነው።

ሴኪዩር ቡት ሲበራ የሚለወጠው

በዩኢኤፍአይ ኮምፒውተሮች ላይ ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም በታወቀ ቁልፍ ያልተፈረመ ማስነሻ እንዳይሠራ የሚከለክለው ቅንብር፣ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካው በርቶ ነው የሚመጣው። ዴቢያን ከ10ኛው ዕትሙ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮሶፍት የተፈረመ ሺም (ግራብን የሚያስነሣ ትንሽ ፕሮግራም)፣ በራሱ የተፈረመ ግራብና ከርነል ስለሚያቀርብ፣ እነዚህን ሳንነካ ከወሰድናቸው የእኛም ላይቭ ሲስተም ያለ ምንም ተጨማሪ ጣጣ ይነሣል። የቅንብር ፋይሉ፣ ቴሙና ሥዕሉ በፊርማው ውስጥ ስለማይገቡ እነሱን መቀየር ፊርማውን አያበላሽም። የቴምና የፒኤንጂ ሞጁሎችም በተፈረመው ግራብ ውስጥ አስቀድመው የተካተቱ ናቸው። የተከለከለው ከውጭ ተጨማሪ ሞጁል መጫን ነው።

ፎንት ግን የተለየ ጉዳይ ሆኗል። በግራብ የፎንት አነባበብ ላይ የተገኙት ክፍተቶች በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከታወቁና ከተደፈኑ በኋላ፣ ሴኪዩር ቡት በበራበት ማሽን ላይ ግራብ ያልተረጋገጠ የፎንት ፋይል ከውጭ አይጭንም። የሚቀረው በተፈረመው ፋይል ውስጥ የተጠቀለለው ፎንት ነው። ይህ ማለት በብዙ ድካም ያዘጋጀነው ባለ 28 ነጥብ ኖቶ በአንዱ ማሽን ላይ ይታያል፤ በሌላው ላይ ደግሞ በባለ 16 ነጥቡ ዩኒፎንት ይተካል። ስለዚህ ቴሙ በሁለቱም መጠን እንዲነበብ ሆኖ መሠራት አለበት፤ ሳጥኑ ለትልቁ ፊደል የሚበቃ፣ ለትንሹም ባዶ የማይመስል ይሁን። የሲስተሙ ስም በትልቁ መታየት ካለበት ደግሞ በሥዕል ውስጥ ይግባ፤ ሥዕል ይህ ክልከላ አይነካውም።

የራስን ቁልፍ ፈጥሮ ሁሉንም በራስ መፈረም ይቻላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጠቃሚ በየኮምፒውተሩ ቁልፉን በሰማያዊው የሺም ስክሪን ላይ ተቀብሎ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ላሉ፣ አንድ ሰው ለሚያስተዳድራቸው ኮምፒውተሮች ይህ ይሠራል። ለማያውቁት ሰው ለሚታደል ፍላሽ ግን አይሆንም፤ ስለ ፊደል ውበት ብሎ ሰውን «ሴኪዩር ቡትን አጥፋ» ማለትም ተገቢ አይመስለኝም።

ሪፋይንድ፣ ሲስተምዲ-ቡት፣ ሊሚን

ሪፋይንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከሪፊት ተገንጥሎ የወጣ፣ በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚሠራ ሜኑ ነው። በመልክ ረገድ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምርጫዎቹን በ128 ነጥብ ምስሎች ያሳያል፤ የጀርባ ሥዕሉን፣ የተመረጠውን ምስል ዙሪያ ያለውን ክፈፍ፣ ትንንሾቹን የማጥፊያና የማስነሻ ምስሎች ሁሉ በራስ ሥዕል መተካት ይቻላል። ፎንቱም ቢሆን ሥዕል ነው፤ የላቲን መሠረታዊ 95 ምልክቶችና ለማይታወቅ ምልክት የሚሆን አንድ ተጨማሪ ምልክት በአንድ መስመር የተደረደሩበት የፒኤንጂ ፋይል ነው። ከዚህ እንደሚታየው አማርኛ ጽሑፍ በእሱ አይወጣም፤ ነገር ግን ምርጫው ራሱ ምስል ስለሆነ «ሞክር» የሚለውን ቃል በምስሉ ላይ ሥሎ ማስገባት ይቻላል። በአንድ ፍላሽ ላይ ብዙ ሲስተሞችን ለሚይዝ ወይም የኢንቴል ማክ ላላቸው ሰዎች ለሚያዘጋጅ እጅግ ተስማሚ ነው። ከሴኪዩር ቡት ጋር ሲሆን ግን ቀደም ብሎ የተገለጸው የቁልፍ ምዝገባ ጣጣ ይመጣል፤ ባዮስም የለውም።

ሲስተምዲ-ቡት ቀድሞ ጉሚቡት ይባል የነበረው ሲሆን በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ ሲስተምዲ ገብቷል። የጀርባ ሥዕልም ሆነ ቴም የለውም፤ የሚለወጠው የምርጫው ስም ብቻ ነው፤ እሱም የሚታየው በፈርምዌሩ የጽሑፍ ፎንት ስለሆነ የግእዝ ፊደል ማግኘት የሚታሰብ አይደለም። ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤስን (ከርነሉ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠቀምበትን የፋይል ስብስብ) የሚያነበው ፋት በተባለው የፋይል አደረጃጀት ከተዘጋጀ ክፍልፋይ ብቻ በመሆኑም በአይኤስኦ ውስጥ እነዚህን ፋይሎች ለእሱ ሲባል ደግሞ መቅዳት ያስፈልጋል። አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ ከርነሉ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱና የማስነሻ መስመሩ በአንድ ፋይል ሲጠቃለሉ፣ በዚያው ፋይል ውስጥ አንድ የቢኤምፒ ሥዕል ማስገባት ይቻላል፤ ሥዕሉ ሲስተሙ መነሣት ሲጀምር ይታያል። ምርጫ የሌለው፣ በርቶ በቀጥታ ወደ ዴስክቶፕ የሚገባ ሲስተም ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ በአንድ መሥሪያ ቤት መረጃ መስጫ ላይ ለሚቆም ኮምፒውተር፣ ይህ በቂ ነው።

ሊሚን በተለይ የራሳቸውን ከርነል ከመሠረቱ የሚጽፉ ሰዎች የሚወዱት ሲሆን በባዮስም በዩኢኤፍአይም ይነሣል። የጀርባ ሥዕል ይቀበላል፤ በሜኑው አናት ላይ የሚወጣውን የስም መስመርና የመስመሩን ቀለም የሚወስን ራሱን የቻለ ቅንብርም አለው። ፎንቱ የ256 ምልክቶች ስለሆነ በፊደል ረገድ ያለው ገደብ ከአይሶሊነክስ ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ ከዴቢያን ለሚነሣና ለብዙ ዓይነት ኮምፒውተር ለሚታደል ላይቭ ሲስተም፣ በሁለቱም በኩል ግራብን፣ የተፈረሙትን ፋይሎች ሳይነኩ፣ ከአንድ ቴም ጋር መያዝ የሚሻለው መንገድ ነው እላለሁ። አማርኛ ምርጫዎችን በጽሑፍ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነውና፣ ሪፋይንድ በመልክ ቢበልጠውም ከዚህ ጥቅም ጋር አይመዛዘንም።

ከሜኑው በኋላ የሚመጣው ስክሪን

ተጠቃሚው ምርጫውን ከተጫነ በኋላ የሚያየው የመጫኛ ሥዕል የቡትሎደሩ ሥራ አይደለም፤ ፕሊመዝ የሚባለው ፕሮግራም ከኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ሆኖ የሚያሳየው ነው። ስለዚህ የግራብ ቴሙን አሳምሮ ፕሊመዝን የረሳ አዘጋጅ፣ የራሱ ስም ለጥቂት ሰከንድ ታይቶ በዴቢያን ሥዕል ይተካበታል። ፕሊመዝን በጥቅል ዝርዝሩ ውስጥ ማካተት፣ ቴሙን ነባሪ አድርጎ ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና ማስገንባት፣ በከርነሉ ማስነሻ መስመር ላይም ስፕላሽ የሚለውን ቃል መጨመር ያስፈልጋል። በፕሊመዝ የአማርኛ ጽሑፍ ለማሳየት ፎንቱ ኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ስሙን በሥዕል ማስገባት ግን ይቀላል፤ ለአንድ ስም ያህል እሱ በቂ ነው። የግራብና የፕሊመዝ የጀርባ ቀለም አንድ ከሆነ፣ ግራብም የስክሪኑን መጠን ለከርነሉ እንዲያስተላልፍ ከታዘዘ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ብልጭታ ብዙም አይታወቅም።

ስሙን ስንተካ የሌላውን ስም አያያዝም ማክበር ይገባል። ኡቡንቱን አሻሽሎ ለሌሎች የሚያድል ሰው የኡቡንቱን የንግድ ምልክቶች ማንሣት ወይም ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። ዴቢያን ለማንም ክፍት የሆነ ዓርማና ለራሱ የተከለለ ዓርማ ለይቶ ይዟል፤ ክፍቱን ተጠቅሞ «በዴቢያን ላይ የተመሠረተ» ማለት ይቻላል፤ ሲስተሙ የዴቢያን ኦፊሴላዊ ምርት እንዲመስል ማድረግ ግን አይገባም። የሲስተሙን ማንነት በሚገልጸው በኦኤስ-ሪሊዝ ፋይል ውስጥም የሚታየውን ስም ወደ ራስ ስም ለውጦ፣ ከዴቢያን የመጣ መሆኑን የሚገልጸውን መስመር መተው ለፕሮግራሞቹም ለታማኝነትም ይበጃል።

ፍላሹ ከመታደሉ በፊት አይኤስኦው ኪውኤሙ በተባለው ምናባዊ ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ መነሣት አለበት፤ አንድ ጊዜ በነባሪው ባዮስ፣ ሌላ ጊዜ ኦቪኤምኤፍ በሚባለው የዩኢኤፍአይ ፈርምዌር። ይህ ግን የስክሪኑን መለጠጥና የሴኪዩር ቡትን የፎንት ክልከላ ሙሉ በሙሉ አያሳይም፤ ስለዚህ ሴኪዩር ቡት በበራበት አንድ አዲስ ላፕቶፕና ባዮስ ብቻ ባለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ማየት የግድ ነው። በሁለቱም ላይ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው አስቀምጦ፣ ሳይጫን መሞከሪያውን ምርጫ ያለ ማንም እርዳታ እንዲያገኝ መጠየቅና ጣቱ የሚያርፍበትን ቁልፍ መመልከት፣ የፎንቱን መጠንና የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል እንደገና ለማስተካከል ከየትኛውም ፍተሻ የበለጠ ያግዛል።